ለባትሪ የወለቀ ቀለበት

እኔ አስናቀች ስቆጣ፣ ኪሊማኒ በሚባለው ሰፈር ባለው ምግብ ቤቴ ሳህን የሚያጥቡት ሳይቀሩ ድምፃቸውን ያጠፋሉ። ይህን የምለው ልኩራራበት አይደለም፤ ያን ቅዳሜ የሆነውን ለመናገር ከዚህ መጀመር ስላለብኝ ነው።

ባለቤቴ ባንታየሁ ለቱሪስት የሚያከራየው ካምፐር አለው፤ አልጋ፣ ምድጃና ፍሪጅ ያለው መኪና። የሚያቆመው ከከተማው ዳር ኢምባካሲ በተከራየው ግቢ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚያ ሲመለስ ጣቱ ላይ ቀለበት የለም። ስጠይቀው መኪና ስሠራ አወልቀዋለሁ፣ ረስቼው መጣሁ ይለኛል። የተክሊል ቀለበት እንደ ጃንጥላ ይረሳል?

ያን ቅዳሜ ሳልነግረው ሄድኩ። የካምፐሩ ኮፈን ተከፍቶ፣ ባንታየሁ የሞተሩን ባትሪ ሊቀይር ጎንበስ ብሏል። ቀለበቱ ዳሽቦርዱ ላይ ተቀምጧል። ባንታየሁ አጠገብ ደግሞ ራህዋ የምትባል ኤርትራዊት፣ ሰኞ መኪናውን ተከራይታ ማሳይ ማራ አራዊት ልታይ የምትሄድ ደንበኛ፣ ፀጉሯን ለቅቃ ሻይ ትጠጣለች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ?

አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩ። ራህዋ ሰላምታዋን ሳትጨርስ ቤት አፍራሽ አልኳት። ብርጭቆዋን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችና፣ ስልኳን አውጥታ ታክሲ እየጠራች ከግቢው ወጣች። ባንታየሁ አልጮኸም። እጁን በጨርቅ ጠርጎ አስረዳኝ። ይህ መኪና ሁለት ባትሪ አለው፤ አንዱ ለሞተሩ፣ ሌላው ለመብራቱና ለፍሪጁ። ሁለቱ በሽቦ ይገናኛሉ። የሁለቱም ኔጌቲቭ አስቀድሞ ካልተፈታ፣ ፖዘቲቩን የነካ ብረት ከመኪናው ብረት ጋር ሲገናኝ በቅጽበት ይግላል።

"ቀለበትም ብረት ነው፣ አስናቀች። ጣት ይበላል" አለኝ።

አመንኩት። ራሴን የምጠላው እዚህ ላይ ነው። ባንታየሁ ሲዋሽ ዓይኑን ይሰብራል፤ ያን ቀን ግን ዓይን ዓይኔን እያየ ነበር። ያለፉት ቅዳሜዎችም እውነት እንደነበሩ ገባኝ። ግን ያን ያህል ጮኼ፣ ሰው አዋርጄ፣ ተሳስቻለሁ ልበል? ሞቼ እገኛለሁ። ቀለበቱን ከዳሽቦርዱ አንስቼ ዘረጋሁለት።

"አጥልቀውና እያየሁህ ሥራ። አለዚያ ማታ ቤቴ እንዳትመጣ።"

ፊቴን ለጥቂት ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ተቀብሎኝ አጠለቀው።

የሞተሩን ባትሪ ኔጌቲቭ ፈታ፤ የሁለተኛውን ግን፣ እኔ አናቱ ላይ ቆሜ ስነጫነጭ፣ ረሳው። ፖዘቲቩን ሊፈታ ሲል ቀለበቱ በያዘው መፍቻና በመኪናው ብረት መሃል ገባ። አንዴ ብልጭ አለ። ጩኸቱን አልናገረውም። ቀለበቱን ሊያወልቅ ሲጎትት አብሮ የመጣው ቆዳው ነው። ዘበኛው ጃፈር "ፖሌ፣ ፖሌ" እያለ፣ እያዘነለት፣ ውሃ አፈሰሰበት። ሆስፒታል ወሰድነው፤ በሦስተኛው ቀን ጣቱን ቆረጡት።

ሐኪሟ ለምን ቀለበት አድርጎ እንደሠራ ስትጠይቀው አልጋው አጠገብ ቆሜ ነበር። ማውለቁን ረስቼ ነው አላት። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም። ባለውለታዬ ሆነ ብዬ አለቀስኩ፤ እሱ ግን ውለታ መዋሉም አልነበረም፤ ከእኔ ጋር ያለው ነገር ማብቃቱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምንም አስረድቶኝ አያውቅም። ይገባል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይወጣል። አንዳንዴ ሦስት ቀን ይቀራል። እኔ ደግሞ የት ነበርክ የምልበት አፍ የለኝም። ባለፈው እሑድ ግን አልቻልኩም። በሩ ላይ ቆሜ ለመንኩት፤ ወዴት እንደምትሄድ ብቻ ንገረኝ፣ የምትለውን ሁሉ አምናለሁ አልኩት።

በአራት ጣቱ የጃኬቱን ዚፕ እየዘጋ ነበር።

"ያን ቀንም አምነሽኝ ነበር" አለ። "አይቼሻለሁ።"

በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶት ሄደ።