ሞሪስ የጠፋበት ቦታ

«አይገቡም» አለ ኤድሪያን፣ በሩን በሰውነቱ ዘግቶ።

ደጃፉ ላይ ዝናብ የሚወርድባቸው ሁለት ሽማግሌዎች ተያዩ። ረጅሙ ዳግላስ ቴትሎው ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል። ከኋላው ያለው ከበሮ መቺው ኪት ኦርመሮድ በፎጣ የተሸፈነ የሥጋ ፓይ አቅፏል።

«እናትህን ላስተዛዝን ነው የመጣሁት» አለ ዳግላስ።

«እናቴ እርስዎን ማየት አትፈልግም።»

ይህ ልጅ በሕፃንነቱ የዳግላስ ትከሻ ላይ ተፈናጦ፣ ጆሮውን እየጎተተ «ሂድ እንጂ አንተ ፈረስ!» ይለው የነበረ ነው። ዕድሜውን ሙሉ አንተ ሲለው ኖሮ ዛሬ አንቱ አለው።

«ፓዩን እንኳ ተቀበለን» አለ ኪት። «ሚስቴ የጋገረችው ነው፤ እሷ ምንም አላጠፋችም።»

ኤድሪያን ፓዩን ተቀብሎ በሩን ዘጋው።

እናቱ ግሌኒስ ይህን ሁሉ ሳሎን ተቀምጣ ሰምታለች። «ይግቡ» ብትል ይገቡ ነበር። አላለችም። ሊያስተዛዝኗት የመጡት ጎረቤቶች የሻይ ኩባያቸውን እንደያዙ ወደ በሩ ዞሩ። ከዚያ መስኮቱ አጠገብ ያሉት ሁለት ሴቶች መንሾካሾክ ጀመሩ።

«ሰውየው ይሄ ነው እንዴ?»

«እሱ ነው። ቪዲዮውን አላየሽም?»

«ምን ፊት ይዞ ነው እዚህ የመጣው!»

ቪዲዮውን ያላየ ሰው በከተማቸው በሮችዴል የለም ማለት ይቻላል። የግሌኒስ ባል ሞሪስ ሼፊልድ ከተማ የመጨረሻ ኮንሰርቱን ሲጫወት አንድ ተመልካች በስልኩ የቀረጸው ነው። ዳግላስ ጊታሩን እንዳነገተ ለሕዝቡ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ኦርጋኑ ላይ በተቀመጠው ሞሪስ ላይ አፍጦ ከንፈሩን ያለማቋረጥ ያንቀሳቅሳል። ሞሪስ አንገቱን ደፍቷል። የዳግላስ ድምፅ አይሰማም፤ ስድብ መሆኑን ለመፍረድ ግን ማንም ድምፁ አላስፈለገውም። ከመድረክ ከወረዱ ብዙም ሳይቆይ ሞሪስ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ።

ግሌኒስ ያን ቪዲዮ ደጋግማ አይታዋለች። ባየችው ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ነው የምታስበው፤ ዳግላስን ተወው ብዬው ነበር።

ሞሪስንና ዳግላስን ያወቀቻቸው በአንድ ቀን ነው። ያን ጊዜ ባንዳቸው «ሶልትጌት» የሚለውን ስም እንኳ አላገኘም። አንድ አሮጌ ኦርጋን የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ደረጃ ላይ ሲያወጡ ደረሰች። ዳግላስ ከላይ ሆኖ ያዛል፤ ኪት ከመሃል ይራገማል፤ ሞሪስ ከታች ክብደቱን ሁሉ ተሸክሞ ዝም ብሏል። መለማመድ ሲጀምሩም ያው ነበር። ዳግላስ ይዘፍናል፤ ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን ነው። ዘፈኑን የሠራው ግን ጥግ ላይ የተቀመጠው ዝምተኛው ሞሪስ ነበር።

«የወፍጮው ውኃ» የተባለውን ዘፈን ሞሪስ የሠራው ከግሌኒስ ጋር በተጋቡ ሰሞን ነው። የሸክላውን አንድ ገጽ ብቻውን ይሞላል። ክፍል በክፍል ይሄዳል፤ ምቱ በየጊዜው ስለሚቀያየር ሊደንስበት የሞከረ እግሩ ይተሳሰራል። ያን ዘመን ወጣቱ ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጠው ነበር። ከዚያ ዘመኑ ዞረ። አጭርና ፈጣን ዘፈን መጣ፤ ረጅሙ መሳቂያ ሆነ። ሞሪስ የትምህርት ቤቶችን ፒያኖ እየቃኘ፣ ዳግላስ የዳቦ መኪና እየነዳ ኖሩ። ካረጁ በኋላ ነው ሰው ናፍቋቸው እንደገና የጠራቸው። ከከተማ ከተማ በአሮጌ ቫን እየዞሩ፣ እንደነሱ ለሸበተ ሕዝብ የድሮውን ይጫወታሉ። በእረፍት ሰዓት ከሁሉም የሚረዝመው የወንዶች ሽንት ቤት ሰልፍ ነው። አዲስ ዘፈን የሚጠይቃቸው የለም። የድሮውን ግን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል፤ አንድ ነገር ከጎደለ ያኮርፋል።

ካቻምና ሞሪስ ቤት ውስጥ ፒያኖ መንካት ተወ። «ሰለቸኝ» አላት። ፊቱ ከሳ፤ ሲያወሩት ዘግይቶ ይመልስ ጀመር። ባለፈው ወር ዳግላስ ለኮንሰርት ሊወስደው ቫኑን አቁሞ ጥሩንባ ሲነፋ ግሌኒስ በሩ ላይ ቆመች።

«ደክሞታል፣ ዳግ። ተወው።»

«ራሱ ይንገረኝ።»

ሞሪስ ሻንጣውን አንስቶ፣ ዓይኗን ሳያይ በጎኗ አልፎ ወጣ። በሕይወት ያየችው ያኔ ለመጨረሻ ጊዜ ነበር።

ኤድሪያን በሩን በዘጋባቸው ማግስት ኪት ብቻውን መጣ፤ በኩሽናው በር በኩል። ኤድሪያን ቀብር አስፈጻሚዎቹ ጋ ሄዷል።

«ሳህኑን ልወስድ ነው» አለ።

«ፓዩ አልተበላም።»

«የሚስቴን ፓይ የሚበላ የለም። እሷም ታውቃለች።» ፈገግ ለማለት ሞክሮ አቃተው። «ግሌኒስ፣ ሳህኑን ፈልጌ አይደለም።»

«ተቀመጥ።»

«ቆሜ ልንገርሽ። ከተቀመጥኩ ወኔ ያጥረኛል። ዳግ አልሰደበውም። እየነገረው ነበር።»

«ምኑን?»

«ቀጥሎ የሚመጣውን። ‹አሁን ቀስ ያለው። አሁን ግራ እጅ ብቻ። አሁን ጠብቀኝ።› ዘፈኑ ይጠፋበት ነበር። ጣቶቹ ያውቁታል፤ የቱ ከየቱ እንደሚቀጥል ነው የሚጠፋው። መጀመሪያ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነበር። በኋላ ሁሉም ቦታ ሆነ።»

ግሌኒስ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። የመርሳት በሽታ ነው አሉ። ለአንቺ እንዳንነግር አስማለን። ‹ካወቀች ቤት ታስቀምጠኛለች፤ ቤት ከተቀመጥኩ መርሳቴን ብቻ ነው የማስታውሰው› አለ።»

«እናንተም ዝም አላችሁ።»

«ዝም አልን።»

«ሼፊልድስ?»

ኪት ጉሮሮውን ጠረገ። «አራተኛው ክፍል መሃል ላይ ጭራሽ ቆመ። እጁን ከኦርጋኑ አንስቶ ጭኑ ላይ አኖረው። ዳግ የሱን ድርሻ በጊታር ይዞ እስከ መጨረሻው ወሰደው። ሕዝቡ ሆን ብለን የቀየርነው መስሎት ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ስንወርድ ሞሪስ ‹ጥሩ ተጫወትኩ?› አለ። ዳግ ‹እንዳንተ የተጫወተ የለም› አለው። ደስ አለው። ከዚያ ወንበሩን ሳበና...»

ታለቅሳለች ብሎ ጠበቀ። ግሌኒስ ግን ፊቷ እንደ ድንጋይ ሆነ።

«ዳግን አምጣው» አለች። «ዛሬውኑ።»

ዳግላስ ሲገባ ኤድሪያንም ተመልሶ ነበር። እናቱ ነግራዋለች። ክንዱን አጣምሮ ማቀዝቀዣውን ተደግፏል። ዳግላስን ተቀመጥ ያለው የለም፤ እሱም አልተቀመጠም።

«ባሌ ሲጠፋ አንተ አብረኸው ነበርክ» አለች ግሌኒስ። «እኔ አልነበርኩም።»

«አዎ።»

«የኔንስ ስም ረስቶ ነበር?»

ዳግላስ ወለሉን አየ።

«መልስልኝ!»

«አንዳንዴ። ስልክ ሊደውልልሽ ሲል ይጠይቀኝ ነበር።»

«ምን ብሎ?»

«‹ማን ልበላት?› ብሎ።»

ግሌኒስ እነዚያን ስልኮች አስታወሰች። ገና «ሃሎ» ሳትል «ግሌኒስ! ግሌኒስዬ!» ይላት ነበር፤ እንደ ልጅ እየተጣደፈ። እሷ ናፍቆት ነበር የመሰላት።

«ልመታህ ነው» አለች በቀስታ።

«ምቺኝ።»

እጇ ተነሳ፤ አየር ላይ ቆይቶ ወረደ።

«ለሁላችንም እንዲወስኑ ማን ፈቀደልዎ?» አለ ኤድሪያን ከቆመበት።

«ማንም» አለ ዳግላስ። «እሱ ለመነኝ፤ እምቢ ማለት አቃተኝ። ‹ሰደበው› ብለው የሚያሙኝም ይሙኝ ብዬ ተውኩት፤ እሱ ከሚታወቅበት ይሻላል ብዬ። ስለ አንቺ ግን አላሰብኩም፣ ግሌኒስ። እውነቱ ይሄ ነው።»

ኪት አፍንጫውን ጠረገ።

«ቀጣዩ የማንቸስተር ኮንሰርትስ?» አለች ግሌኒስ።

«አዘጋጆቹ የሞሪስን የድሮ ቅጂ ከኋላ እያስጮህን እንድንጫወት ፈልገዋል። አይሆንም፣ እሰርዘዋለሁ።»

«አትሰርዘውም። ቅጂም አታስጮህም። ‹የወፍጮው ውኃ›ን ትጫወታላችሁ። እጁን ያነሳበት ቦታ ስትደርሱ ታቆማላችሁ።»

«እዚያው መሃል ላይ?»

«እዚያው። አትሸፍንለትም። ሰውም የት ድረስ እንደሄደ ይወቅለት። እኔ ፊት ለፊት እቀመጣለሁ።»

«ሞሪስ እንዳይታወቅበት ነበር የለመነኝ።»

«እኔ ደግሞ ሚስቱ ነኝ» አለች። «እንዲታወቅለት ነው የምለምነው።»

ዳግላስ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። «አራተኛው ክፍል ላይ» አለ።

የቀብሩ ዕለት ጠዋት አስከሬኑን የያዘው መኪና ቤቱ ፊት ቆመ፤ ከኋላው የቤተሰቡ ጥቁር መኪና፣ ከዚያ የባንዱ ቫን። ኤድሪያን እናቱን ደግፎ ከኋላ አስገባትና እሱ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ። ጎረቤቶቹ ጃንጥላቸውን ዘርግተው አጥሩ ሥር ተሰልፈዋል። ዳግላስ በመካከላቸው ሲያልፍ አንዷ ሴትዮ ሆን ብላ ፊቷን አዞረች። እሱ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቫኑ ይራመድ ጀመር።

ሾፌሩ የግሌኒስን በር ሊዘጋ እጁን ሰደደ።

«ቆይ» አለችው። «ዳግ!»

ዳግላስ ዞረ። የተከፈተውን በር አየ፤ ኤድሪያንን አየ። ኤድሪያን ፊት ለፊት መንገዱን እያየ ነው፤ ግን አልተቃወመም። ጎረቤቶቹ ሁሉ ይመለከታሉ።

ግሌኒስ የእጅ ቦርሳዋን ከጎኗ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች፤ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋም ወደ ወዲያኛው መስኮት ጠጋ አለችለት።