ለትሎቹ ትኩስ ትኩሱን

እኔ ቤት ያደረ ምግብ ለእንግዳ አይቀርብም። ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። ጉድ የሠራኝም ይኸው ጠባዬ ነው።

ነገሩን ያመጣው ልብስ ሰፊው ነው። ሱቁ ከበረቴ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሁለት ላሞች አሉኝ፤ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ቤቴ የቆመው በነሱ ነው። አንድ ጠዋት ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣና፣ «እትዬ፣ ደንበኞቼ አፍንጫቸውን ይዘው ነው የሚለኩት። ይሄ የእበት ክምር በስድስት ወር ካልጠፋ ላሞቹን ይሽጡ፤ አለዚያ እከሳለሁ» አለኝ። «ምን አፍንጫ ነው የሚሉት ባክህ!» ብዬ አባረርኩት። ግን ፈራሁ። እውነቱን ነው፣ ይሸታል።

ምራቴ ችግኝ ጣቢያ ነው የምትሠራው። ቃል ከአፏ ማውጣት ጥርስ ከመንቀል አይተናነስም። ጉዳዩን በነገርኳት ማግስት ባልዲ ይዛ መጣች።

«የመሬት ትል ነው፣ እማማ። እበቱን በልተው አፈር ያደርጉታል፤ ሽታውም ይጠፋል።»

«ወይ ጉድ! የቀረኝ ትል መቀለብ ነበር!»

ጥላ ውስጥ የእንጨት ሳጥን አስቀመጠች፤ ሰንብቶ የበረደ እበት ሞላችበትና እርጥብ ጆንያ አለበሰችው። እያደር ወደድኳቸው፣ ምን እዋሻለሁ። ያደጉት ወገባቸው ላይ ወፈር ያለ ቀለበት አላቸው። ወንዱ የቱ እንደሆነ ስጠይቃት፣ «ሁሉም ሴትም ወንድም ናቸው። ለመውለድ ግን ሁለት መሆን አለባቸው» አለችኝ።

«ታዲያ ቤት ውስጥ የሚያዘው ማነው?» ብላት ከት ብላ ሳቀች። ልጄን አግብታ ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ለሦስት ቀን እናቷ ጋ ሄደች። ምንም እንዳልጨምርባቸው አስጠንቅቃኝ ነበር። ግን ያንን ያረጀ ነገር ሲለቃቅሙ ሳይ አንጀቴን በሉት። ከላሚቱ ሥር ትኩስ ትኩሱን፣ እንፋሎቱ እየወጣ፣ ሁለት ባልዲ አቀረብኩላቸው። ብሉልኝ ልጆቼ!

በማግስቱ ጆንያውን ስገልጥ ክው አልኩ። እጄን ብሰድበት እበቱ ያቃጥላል። ግማሾቹ ሸሽተው መሬት ላይ ደርቀዋል፤ የቀሩት እዚያው ሞተዋል። ትኩሱን ዝቄ አወጣሁና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለላሞቼም ነው፣ ለምራቴም ነው።

ስትመጣ «ዶሮ ለቀመቻቸው» ልል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አልሆነልኝም። «እኔው ነኝ የጨረስኳቸው» አልኳት።

አልተቆጣችም። ከሳጥኑ ሥር ያለውን አሮጌ እበት በጣቷ ፈለግ ፈለግ አደረገችና መዳፌ ላይ አንዲት ቢጫ ነገር አኖረች፤ ከምስር አትበልጥም፣ ጫፍና ጫፏ ሾል ያለ ነው።

«ትኩስ እበት ሲብላላ ይግላል፤ ሙቀቱ ግን ታች አልደረሰም። እንቁላላቸው ነው፤ ያ ቀለበት ነው የሚሠራው። ከአንዱ ሁለት ሦስት ይፈለፈላሉ። በወር ግድም ይወጣሉ፣ ከዚያ ሁለት ወር ቢያድጉ እነሱም ይወልዳሉ።»

በጣቴ ቆጠርኩ። ለቀጠሮው ይደርስ ይሆናል።

አንድ ቀን ጆንያውን ብገልጥ ክር የሚያካክሉ ነጫጭ ልጆች ይርመሰመሳሉ። እልል አልኩ! ከዚያ ወዲያ ትኩሱን እበት በገለባ እየሸፈንን ካበረድን በኋላ ጥቂት ጥቂት እንሰጣቸዋለን። ወፈሩ፣ ቀለበት አወጡ፣ ተራቡ። አንዱ ሳጥን አራት ሆነ። ክምሩ ጎደለ፤ በቦታው ጥቁር፣ ፍርፍር ያለ፣ ዝናብ የነካው አፈር የሚሸት ፍግ ቀረ።

ቀጠሮው የሞላ ዕለት ልብስ ሰፊው በተተኮሰ ኮት ከች አለ። ክምሩ የነበረበትን ቦታ አየ፣ አየሩን ሳብ አደረገ፣ ወደ በረቱ አንገቱን አስገባ። ባዶ ነው፤ ምራቴ ላሞቹን ውሃ ልታጠጣ ወስዳቸዋለች።

ፊቱ አመድ መሰለ። «እትዬ፣ ሸጧቸው? እኔ እኮ ሽታው ከጠፋ ሰነበተ፣ ይቅርታ ልልዎት ነው የመጣሁት! በንዴት በተናገርኩት የሰው እንጀራ ዘጋሁ!» አለና ደጃፉ ላይ ዘጭ አለ።

ልነግረው አፌን ስከፍት ላሞቹ በበሩ ገቡ። ሰውዬው ዘሎ ተነሣና፣ ከነኮቱ፣ የፊተኛዋን አንገት ጥምጥም አለባት።