ተጠባባቂ ቁጥር አንድ

"ጓንቱን አውልቅና ሂድ እንጂ! ሦስት ሰዓት ሊሞላ እኮ ነው።"

ሲስተር ወይንሀረግ ከበሩ ላይ ሆና ነው የምትጮኸው። ዋቅሹማ ቀና ብሎ አላያትም። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው የአብነት ሰፈር ብረት በያጅ ክንዱን ቆርቆሮ ሰንጥቆት እስከ ክርኑ ደም በደም ሆኗል።

"ሁለት ስፌት ብቻ ቀርቶኛል፣ ሲስተር።"

"እኔ እጨርስልሃለሁ። ስንት ዓመት የጠበቅከውን ቀን በሁለት ስፌት ልታጣው ነው?"

ብረት በያጁ ራሱ ደነገጠ። "ወንድሜ፣ ሠርግ ካለብህ ሂድ" አለው።

"ሠርግ አይደለም፤ ፈተና ነው" አለ ዋቅሹማ። ክሩን ቋጠረ፣ ቆረጠ፣ ሁለተኛውን ወጋ። የጀመረውን ቁስል ለሌላ ሰው አስረክቦ መሄድ ሆዱ አልቻለም። ሲጨርስ እጁን ታጥቦ ኮቱን ሲደርብ፣ የሸሚዙ እጅጌ ጫፍ ላይ የደም ጠብታ አየ። ወደ ውስጥ አጠፈውና እየሮጠ ወጣ።

ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው። በልደታዋ ትንሽ ክሊኒክ ጤና ረዳት ሆኖ ሲሠራ ስምንተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ከዚያ በፊት ወለጋ ገጠር ውስጥ አንዲት ክሊኒክ ለብቻው ይዞ ነበር። ቀን ቁስል ሲያጥብና መርፌ ሲወጋ እየዋለ፣ በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛን ጨረሰ። ማትሪክ አለፈ። የዩኒቨርሲቲውን የመጀመሪያ ዓመት ኮርሶችም በማታው ክፍል ወስዶ በጥሩ ውጤት ተወጣቸው። በ1974 ክረምት የጤና ሠራተኞች ከተማሪዎቹ እኩል ተወዳድረው ሕክምና መማር እንደሚችሉ ማስታወቂያ ወጣ። ዕድሜያቸው ከሠላሳ አምስት ያልበለጠ፣ ይላል። የዋቅሹማ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ዕድል ይኸው ነበር።

ውይይት ታክሲው ሞልቶ አልፎት ሄደ። በነሐሴ ጭቃ እየተንሸራተተ ወደ ሜክሲኮ የሚወስደውን መንገድ በእግሩ ተያያዘው። ሕክምና ትምህርት ቤቱ ሲደርስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል።

በጠባቡ ኮሪደር አግዳሚ ወንበሮች ላይ ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ተደርድረዋል። አንዳንዱ ደብተር ይገልጣል፣ አንዳንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ዋቅሹማ ጫፍ ላይ ሲቀመጥ አጠገቡ የነበረች፣ ሻሽ ያሰረች ቀጭን ልጅ ጠጋ አለችለት።

"ይምጡ ጋሼ፣ ቦታ አለ። ልጅዎን ይዘው መጥተው ነው?"

"አይ፣ ተፈታኙ እኔው ነኝ።"

ልጅቱ አፏን በእጇ ከደነች። "አፉ ይበሉኝ! እኔ እኮ…"

"ምን ታደርጊ። እኔም ራሴን ሳየው የልጆቹ ዘበኛ ነው የምመስለው።"

ሳቀች። ስሟ ሀሚዳ በከር መሆኑን ነገረችው። የአብነቱ ልብስ ሰፊ የአቶ በከር ልጅ ናት።

"አባትሽንማ አውቃቸዋለሁ። ይህን ሱሪ ያሳጠሩልኝ እሳቸው ናቸው" አላትና የራሰውን ሱሪ አሳያት። "እኔ እዚሁ ልደታ ክሊኒኳ ውስጥ ነው የምሠራው።"

"ጋሼ፣ ለምን ሐኪም መሆን ፈለግሽ ቢሉኝ ምን ልበል? ጓደኞቼ ሰፊውን ሕዝብ ለማገልገል በዪ ይሉኛል።"

"የልብሽ የቱ ነው?"

"ታናሽ ወንድሜ ስድስት ዓመት ሆነው፤ አይራመድም። ትኩሳት ያዘው፣ ከዚያ እግሩ አልታዘዝ አለ። ምን እንደነካው እስከ ዛሬ በወጉ የነገረን ሰው የለም።"

"ታዲያ ይህንኑ ንገሪያቸው።"

ከእሱ በፊት ተጠርታ ገባች። ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር። "ነገርኳቸው" ብላው ሄደች።

ከጠረጴዛው ጀርባ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ባለ መነጽር ሽማግሌ ፕሮፌሰር፣ አንድ ወጣት ሐኪምና ከኮሚቴ የተወከለ ሰው። የኮሚቴው ሰው ቀድሞ ወረቀቱን አገላበጠ።

"ጓድ ዋቅሹማ፣ የቀበሌህ ደብዳቤ ጥሩ ነው። የእሑድ ስብሰባ ላይ ግን እንቅልፍ ታበዛለህ ይላል።"

"ቅዳሜ ተረኛ ስሆን ነው ጓድ።"

ፕሮፌሰሩ ፈገግ አሉ። "ከእነዚህ ልጆች ጋር እኩል ትሮጣለህ?"

"እነሱ ይቀድሙኛል ዶክተር። ቶሎ አይገባኝም። አንዴ ከገባኝ ግን አይወጣም።"

"ለምን ሐኪም መሆን ፈለግህ?"

ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ነበረው። በሚስቱ በእንዳለች ፊት ቆሞ ብዙ ጊዜ ተለማምዶታል። አሁን ግን አንዲቱም ቃል አልመጣ አለችው። የመጣችለት ጠጅቱ ናት።

"ወለጋ እያለሁ ነው" አለ። "አንድ ጠዋት አንዲት እርጉዝ በቃሬዛ አመጡልኝ። ጠጅቱ ትባላለች። ደም ይፈሳታል። መኪና የሚገኘው የአንድ ቀን መንገድ ተሂዶ ነው። ሰው ላክሁ፣ ግሉኮስ ሰቀልኩ፤ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። እጄን ያዘችና 'የተበላሸው የቱ ጋ ነው?' አለችኝ። አላወቅኩም። እስከ እኩለ ቀን ድረስ እጄን እንደያዘች ቆየች፤ እኔም ሕይወቷ እስኪያልፍ ድረስ አላወቅኩም። ከዚያ ወዲህ የማየው ሰው ሁሉ ሆዱ እንደ ተዘጋ ቤት ይሆንብኛል። ገብቼ ማየት እፈልጋለሁ።"



ከዚያ ወጣቱ ሐኪም በእንግሊዝኛ ጠየቀው፤ ስለ ደም ዝውውር። ያውቀዋል። ከልብ ተነስቶ ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ተመልሶ ወደ ልብ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ቢሉት እንደ ውኃ ያፈሰዋል። እንግሊዝኛው ግን አፉ ውስጥ ተቆላለፈ። አንዱን ቃል ሲያወጣ ሌላው ይጠፋዋል። ሐኪሙ በትዕግሥት ጠበቀውና አንድ ነገር ጻፈ።

ደብዳቤው የመጣው በመስከረም መጨረሻ ነው። እንዳለች ከቡና መጋዘን ለቀማዋ ገና መግባቷ ነበር፤ ስታጎነብስ የዋለችበትን ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ አስነበበችው።

"በተጠባባቂነት አንደኛ ሆነዋል፣ ይላል።"

"ተጠባባቂ ማለት ምን ማለት ነው?"

"ከተመረጡት አንዱ ከለቀቀ እኔ እገባለሁ። ትምህርት ከተጀመረ በኋላ እስከ ሁለተኛው አርብ ድረስ ነው።"

"ማንም ካልለቀቀስ?"

"አልገባም። ከርሞ ደግሞ ዕድሜዬ ያልፋል።"

እንዳለች አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። "እንግዲህ የሰው ልጅ እንዲሰናከል እንድንመኝ ነው የላኩልህ?"

በማግስቱ ከሥራ በፊት ልደታ ማርያም ሄዳ ተሳለመች። ስትመለስ ነጠላዋን እያጣጠፈች፣ "አፌ እንቢ አለኝ" አለችው። "ምን ብዬ ልለምናት? የአንዷን እናት ልጅ አስወጪልኝ ልበላት? ዝም ብዬ ቆሜ መጣሁ።"

ትምህርት ተጀመረ። ዋቅሹማ ጠዋት ወደ ክሊኒኩ ከመግባቱ በፊት መንገዱን አዙሮ በትምህርት ቤቱ በር በኩል ማለፍ ጀመረ። ልጆቹ አዲስ ነጭ ጋውናቸውን እንደለበሱ፣ ወፍራም መጽሐፋቸውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ይገባሉ። መስኮቶቹ ክፍት ከሆኑ ኮቴያቸው ደረጃውን ሲወጣ ይሰማል፤ ቀጥሎ የወንበር መጎተት፣ ቀጥሎ ዝምታ። ይኼኔ አስተማሪው ገብቷል። ከውጭ ያለውን ግንብ ተደግፎ ዝምታውን ያዳምጣል። ምን እየተባለ ይሆን? ከየት ጀመሩ? ከአጥንት ነው?

አንድ ጠዋት የሚገቡትን እየቆጠረ መሆኑ ታወቀው። አንድ ሰው ጎደለ። ልቡ ዘለለ። ወዲያው አንድ ልጅ የጋውኑን ቁልፍ እየቆለፈ በሩጫ መጣና ገባ። ዋቅሹማ ፊቱ በእፍረት ጋለ። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ በኩል አላለፈም።

ሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ላይ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ተራ ከሚጠብቁት በሽተኞች መካከል ሀሚዳን አያት። ጋውኗን ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛለች፤ ፊቷ ጠቁሯል።

"አሞሻል እንዴ?"

"አይ ጋሼ፣ እርስዎን ፈልጌ ነው።"

ወደ ቁስል ማጠቢያዋ ክፍል አስገባት። ሲስተር ወይንሀረግ ጥግ ላይ መሣሪያ እየቀቀለች ነበር።

"ልተወው ነው" አለች ሀሚዳ።

"ምኑን?"

"ሕክምናውን። ሰኞ አናቶሚ ክፍል አስገቡን። ለስድስት ስድስት ልጅ አንድ አስከሬን ነው። የእኛ ሴት ናት። ሌሎቹን አስከሬን ማቆያው ፎርማሊን ነው ያስቸገራቸው፤ እኔ ሽታውን ችዬው ነበር። ጨርቁን ከእጇ ላይ ሲያነሱት ግን ጥፍሯ ላይ እንሶስላ አለ ጋሼ። ገና አልለቀቀም። ለማን ብላ ነው የሞቀችው? እኔ ቢላ ላሳርፍባት? ወጣሁ። ማክሰኞም ትናንትም በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።" ከኪሷ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። "ወደ ሌላ ፋኩልቲ መዛወር የሚፈልግ እስከ ነገ ይሙላ ብለዋል። ምን ይመክሩኛል?"

ዋቅሹማ ወረቀቱን አየ። አንድ ገጽ ነው፤ ከታች የፊርማ ቦታ አለው።

ሲስተር ወይንሀረግ ከማብሰያው ዞር አለች። ተጠባባቂ መሆኑን ታውቃለች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ በምሳ ሰዓቱ መጽሐፍ ላይ አቀርቅሮ ያየችው እሷ ናት። "ታዲያ ምን አስጨነቀሽ ልጄ?" አለቻት። "ልብ ያልፈቀደው ነገር በግድ አይሆንም። ፋርማሲ አለ፣ ባዮሎጂ አለ። ሁሉም እንጀራ ነው።" ይህን ብላ ዋቅሹማን አየችው።

አፉን ከፈተ። ቃሉ ደርሶለታል። "ሲስተር እውነቷን ነው፤ ራስሽን አታስጨንቂ" ነው። ውሸትም አይደለም፤ ስንቱ ጎበዝ ትቶ ሄዷል። ልጅቱም አመስግናው ትሄዳለች። ሰኞ እሱ ደረጃውን ይወጣል።

በሩ ተንኳኳ። አናጢው አቶ ወልደአማኑኤል ናቸው፤ መዳፋቸውን መሮ ወግቷቸው በየሦስት ቀኑ ይታጠባሉ። በጨርቅ የተጠቀለለ እጃቸውን ወደ ላይ ይዘው ገቡ።

ዋቅሹማ ጓንቱን አነሳ። "እጅሽን ታጠቢ" አላት ሀሚዳን።

"እኔ?"

"የአባባን እጅ ያዢልኝ።"

እያመነታች ታጠበች። ያዘች። ጨርቁ ሲፈታ የመግሉ ሽታ ወጣ፤ ፊቷን አዞረች። ሽማግሌው አቃሰቱ።

"ጠበቅ አድርጊው ልጄ" አሏት። "ላላ ስትይ ነው የሚያመኝ።"

ጠበቅ አደረገችው። ዋቅሹማ እያጠበ ሳለ ቀስ እያለች ፊቷን መለሰች። "ምን ሲሠሩ ነው አባባ?" አለቻቸው።

"የበር መቃን። ስድሳ ዓመት ሙሉ ያልሳትኩትን ሳትኩት።"

ቁስሉ ጠርቶ ታየ። ሀሚዳ ጎንበስ አለች። "ጋሼ፣ ይህች ነጯ… ጅማት ናት?"

"አባባ፣ ይቺን ጣትዎን በቀስታ እጥፍ ያድርጓት።"

አጠፏት። ነጯ ክር ቁስሉ ውስጥ ሸርተት አለች። ሀሚዳ ሳታውቀው ሳቀች። "ይድገሟት አባባ!" አለች፤ ዓይኗን ከዚያች ቦታ መንቀል አልቻለችም። ዋቅሹማ አያት። ይህን አስተያየት ያውቀዋል። ግንቡን ተደግፎ ሲያዳምጥ የሱም ፊት እንዲህ ሳይሆን አይቀርም።

ሽማግሌው እጃቸው ታሽጎላቸው ከወጡ በኋላ ሀሚዳ እጇን እያደረቀች ወረቀቱን ተመለከተችው።

"እንሶስላውን እነዚያ አምስቱ ልጆች አይተውታል?" አላት።

"አይመስለኝም። ማንም ምንም አላለም።"

"እንግዲያስ…" አለ። "ያየሻት አንቺ ብቻ ከሆንሽ፣ ትተሻት አትሂጂ። ቢላውን ስትይዢ እጅሽ ይንቀጠቀጥ፤ ግድ የለም። የእኔም ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሴት እጅሽን ይዛ የሆነ ነገር ትጠይቅሻለች። ያኔ የምትመልሽላትን ነው ይቺ ሴትዮ የምታስተምርሽ።"

"ዋቅሹማ!" አለች ሲስተር ወይንሀረግ። የማብሰያው ክዳን ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ጮኸ።

አልዞረም።

ሀሚዳ ወረቀቱን አራት ላይ አጥፋ ያዘችው። "እርስዎስ ጋሼ? ስምዎን ዝርዝሩ ላይ ፈልጌ አጣሁት።"

"የእኔ ገና ነው።"

ጋውኗን ከወንበሩ ላይ አነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። "ነገም መጥቼ እጅ ልያዝልዎ? ጠዋት ብመጣ?"

ዋቅሹማ የተረፈውን ፋሻ ወደ ማስቀመጫው መለሰ።

"ነገ አናቶሚ አለሽ፤ ክፍልሽ ግቢ" አላት። "ቅዳሜ ነይ።"