እመት ፀሐይቱ የተሟገቱላት አህያ

በ1973 ዓ.ም. ጥቅምት ወር አንድ የኪነት ቡድን ከሩቅ ከተማ መጥቶ ላሊበላ ላይ ቀልድ አሳየ። ቀበሌው «ቤተሰብ ሳይቀር ይምጣ» ብሎ ስላስለፈፈ አዳራሹ ከሕፃን እስከ ቄስ ሞላ። እኔ የትምህርት ቤቱ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ከሚስቴ ከዓለምእሸት ጎን ተቀመጥሁ። ከእሷ ማዶ እናቷ እመት ፀሐይቱ ነበሩ።

ቀልደኛው አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ የአንዲት ሴት ገላ እየዘረዘረ ማውራት ጀመረ። አማቴ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡና ተነሡ። በእኛ አገር አማች ከአማቱ ፊት ጥርሱን አያሳይም፤ ምራትም ከባሏ አባት ፊት እንዲሁ። እንዲህ ያለው ወሬ በመካከላቸው ሲወድቅ ደግሞ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ይመርጣሉ። መምሬ ገብረ ሊባኖስ ተከተሉ። ከዚያ አባቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወጡ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የቀረነው የቀበሌው ሹማምንት፣ ባዶ አግዳሚዎችና እኔ ብቻ ነበርን።

የቡድኑ መሪ «ገበሬ ቀልድ አይገባውም። ንቃት ይጎድለዋል» አለ።

ደሜ ፈላ። «ቀልዱማ ገብቶታል!» ብዬ ተነሣሁ። «የወጣውም ስለገባው ነው። አባትና ልጅ አብረው የሚስቁበትን ነገር መሥራት ያቃተህ አንተ ነህ። ብልግና ለማንም ይቀላል፤ የሚከብደው ቄሱንም ሕፃኑንም በአንድ አግዳሚ ላይ ማሳቅ ነው። የላስታ ሰው ይህን ያውቅበታል!»

የቀበሌው ካድሬ ጓድ ሙሉሃብት ፈገግ አለ። «እንግዲያው አሳየና፣ ጓድ መምህር። የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ። ሰው እስከ መጨረሻው ከተቀመጠ አንተ ረታህ። ከወጣ ግን በተማሪዎችህ ፊት ግለ ሂስ ታደርጋለህ። ‹የላስታ ሕዝብ ኋላ ቀር ነው፤ እኔም ኋላ ቀርነቱን ደግፌያለሁ› ትላለህ።»

እሺ አልሁ። ሞት ይሻለኝ ነበር እንጂ ያንን ቃል በተማሪዎቼ ፊት አልናገረውም።

ፍለጋ ጀመርሁ። ሩቅ ሙጃ ከተማ ላይ ጋሻዬ የሚባል ሰው ገበያውን በሳቅ ይገለብጠዋል ሲሉኝ ተነሥቼ ሄድሁ። እውነትም ያስቃል፤ ግን አፉ የሚፈታው ከሦስተኛው መለኪያ አረቄ በኋላ ነው፤ ወሬውም ከዚያ ከከተማው ቀልደኛ ወሬ የባሰ ነው።

«ለቄስ የሚሆን የለህም?» አልሁት።

«ለቄስ ዝም እላለሁ» አለኝ።

አራት ቀን ሲቀረኝ አቧራ ለብሼ ቤቴ ገባሁ። ዓለምእሸት ነገሩን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ሙጃ ድረስ? እናቴ እዚሁ ተቀምጣልህ?»

«እናትሽ? ሦስት ቃል አከታትለው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።»

«አንተ ፊት ነዋ! አማቹ ፊት አፉን የሚከፍት ማን አለ? ቤቱ በሳቅ የሚፈርሰው አንተ ከደጅ ስትወጣ ነው።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ኀዘንተኛ ናቸው እያልሁ ሳዝንላቸው ኖሬያለሁ! ለካ እኚህ ሴት በደጉ ዘመን በባላቸው ርስት አሥራ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ዳኛውንም፣ ከሳሹንም፣ ዘበኛውንም በየድምፃቸው መምሰል ተምረው ተመልሰዋል።

እኔ ሄጄ መለመን ስለማይሆንልኝ መምሬን በሽምግልና ላክሁ። መልሱ መጣ፦ «እሺ ብያለሁ። አማቼ ግን አዳራሹ ውስጥ እንዳይገኙ።»

ተናደድሁ። ጠቡ የእኔ፣ ከጠቡ ሜዳ የምባረረውም እኔ! ቢሆንም ሥርዓት ነው ብዬ እሑድ ዕለት ከአዳራሹ ግድግዳ ጀርባ፣ ከመስኮቱ ሥር ቆምሁ።

ጨዋታው ችሎት ነው፤ አንዲት አህያ ከአውድማ ገብስ በልታ ተከሳለች። ከሳሹም፣ ዳኛውም፣ አህያዋም አማቴ ናቸው። ከሳሹ አፍንጫውን ይነፋል፤ ዳኛው በየመካከሉ ያንኮራፋል። ከዚያ አህያዋ ቀረበች።

«በሕግ አምላክ፣ ጌታዬ! ገብሱ በጀርባዬ ሲሄድ ሌባ ያለኝ የለም። በአፌ ሲሄድ ሌባ ሆንሁ?»

የጣሪያው ቆርቆሮ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። የሕፃናቱ ሳቅ ቀጭን ነው፤ የመምሬን ሳል የቀላቀለ ሳቅ ለየሁት። ግድግዳውን ተደግፌ ጆሮዬን ለበሩ ሰጠሁ፤ የሚወጣ እግር አልሰማሁም።

ዳኛው ነቃ። «ዋስ ትጥራ! ዋስ ካጣች ወህኒ ትውረድ!»

በእኛ ዘንድ ዋስ ያጣ ሰው ማየት እንደ ነውር ነው። አቶ አድማሴ የሚባሉ ሽማግሌ ጨዋታ መሆኑን ረስተው ከመቀመጫቸው ጮኹ።

«ኧረ እኔ ልዋሳት! ምስኪን ከብት ናት!»

ሳቁ እንደገና ፈነዳ። ዳኛው ግን አልተበገረም። «አንቱ የራስዎን በግ መጠበቅ ያቃትዎ ሰው ነዎት። ሌላ ዋስ! ከግድግዳው ጀርባ የቆሙት አማቼ ይግቡ።»

እኔና ዓለምእሸት ከተጋባን ጀምሮ አማቴ በቀጥታ ሲጠሩኝ ያን ዕለት መጀመሪያቸው ነው። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ገባሁ።

«በምን ይዋሷታል?» አሉኝ።

«በቃሌ» አልሁ።

«ሁለት ሳምንት አገር ያመሰው ቃል ነው፤ ይበቃታል!»

ሳቅሁ። አማቴ ፊት፣ ጥርሴን ገልጬ ሳቅሁ፤ ማንም አልታዘበኝም፤ ሁሉም እንባውን እየጠረገ ነበር። ዙሪያዬን አየሁ። ምራቶች ከባሎቻቸው አባቶች ጋር፣ ቄሱ ከንስሐ ልጆቻቸው ጋር፣ አንድም አግዳሚ አልጎደለም። ያን ቀን ሸሚዜ ለደረቴ ጠበበኝ። እስኪ ያ የቡድን መሪ መጥቶ ገበሬ ቀልድ አይገባውም ይበለኝ!

ጓድ ሙሉሃብት ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ ተነሣ። «ጓዶች፣ ዝግጅቱ እዚህ ላይ አብቅቷል፤ መሄድ ትችላላችሁ» አለ።

የተነሣ ሰው የለም።

«ፍርዱን ሳንሰማ?» አሉ መምሬ።

እመት ፀሐይቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በዳኛው ድምፅ ነገሩን ለሚመጣው እሑድ ቀጠሩት።

«በስንት ሰዓት?» ብሎ የጠየቀው ጓድ ሙሉሃብት ነበር።