ከሱቁ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ

ቢ ሊያን እየሮጠች ስትደርስ ሽማግሌው ሥዕል ካለበት ግድግዳ ሥር ሦስት ጊዜ አጎንብሰው ጨርሰው ነበር። ጥቂት ብርቱካኖች በጋዜጣ ላይ ደርድረዋል። በእጃቸው ነጭ ፖስታ ይዘዋል፤ ለቅሶ ቤት የሚሰጠውን ዓይነት።

«አንቺ የቴንግ የወንድሙ ልጅ አይደለሽም?» አሏት ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ።

«ነኝ፣ አባባ።»

«ታዲያ ምነው ሰው አልላካችሁብኝም? እኔና ቴንግ፣ እኔ ዓሣ እሱ ቅርጫት እየሸጥን፣ አርባ ዓመት አብረን ዓሣ ገበያ የዋልን ሰዎች ነን። የልጅ ልጄ ሥዕሉን በስልክ ባያሳየኝ ኖሮ ቀብሩ አምልጦኝ ነበር። ሬሳው የት ነው ያረፈው?»

ቢ ሊያን በአገጯ ወደ ጀርባቸው አመለከተች። ከግድግዳው አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ በቅርጫት ሱቁ በር ላይ፣ አባባ ቴንግ ዝቅተኛ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው የተሰነጠቀ ቀርከሃ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዩዋቸዋል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን መንደሩ ለአንድ ወር የሚስቅበት ነገር ነበር። ብስክሌት ጠጋኙም ሆነ ኑድል ሻጯ ግን አልሳቁም። ከባሕሩ ማዶ በጀልባ የመጡት አቶ ኪም ቹዋን ፖስታውን ወደ ኪሳቸው ከተቱት፤ ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳላቸው ሁሉ መልሰው አወጡት። ለሞት ብሎ ከቤት የወጣ ገንዘብ ወደ ቤት አይመለስም። በቢ ሊያን እጅ ላይ አስቀምጠውት፣ ከወዳጃቸው ጋር እንኳ ሰላም ሳይባባሉ፣ ወደ ጀልባው ተመለሱ። እንዲህ ባለ ቀን ምን ተብሎ ሰላም ይባላል?

የሥዕሉ ምርቃት ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጥሯል። አሁን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው።

ነገሩ የመጣው በደህና ሐሳብ ነው፤ ጥፋት መቼም ክፉ ሐሳብ ብቻ ይዞ አይመጣም። የማሌዥያዋን ደሴት የፒናንግን አሮጌ መንደሮች ታሪክ እሰበስባለሁ የሚል አንድ ማኅበር በአሥራ ሁለት ግድግዳ ላይ አሥራ ሁለት የቀድሞ ሙያዎችን ሊያስል ተነሣ። ቢ ሊያን በኮንትራት የተቀጠረችው የሽማግሌዎቹን ታሪክና ፎቶ እንድትሰበስብ ነው። ከቅርጫት ሠሪዎቹ መንደር የቀሩት ቅርጫት ሠሪ አንድ ሰው ብቻ ሲሆኑ እሳቸውም የአባቷ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከእሷ የተሻለ ማን ይገኛል ተባለ።

አባባ ቴንግ መሳቢያውን ከፍተው «የፈለግሽውን ውሰጂ» ብለዋት ቀርከሃ ለመግዛት ወጡ። በመሳቢያው ውስጥ የነበሩት ፎቶዎች የደበዘዙ፣ አይጥ የቀመሳቸው ነበሩ። ከሥር ግን በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ አንድ ንጹሕ ፎቶ አገኘች። ነጭ መደብ፣ እስከ አንገት የተቆለፈ ጥቁር ሸሚዝ፣ ሁለቱም ጆሮዎች እኩል የሚታዩበት፣ አፍ የተዘጋበት ፎቶ። በዚህ ከተማ ሆክየን የሚባሉት ቻይናውያን ሽማግሌዎች ሰባ ሲሞላቸው ፎቶ ቤት ሄደው እንዲህ ያለውን ይነሡና ጠቅልለው ያስቀምጡታል፤ በሞቱ ጊዜ ሬሳ ሣጥኑ ራስጌ የሚቆመው እሱ ነው። ቢ ሊያን ይህን አሳምራ ታውቃለች። የእናቷን እንዲህ ያለ ፎቶ ታቅፋ ከቀብሩ ፊት የሄደችው ራሷ ናት።

ሠዓሊው ከዋናው ከተማ የመጣ ሰው ነው። ፎቶውን አይቶ በጣም ወደደው። እንዴት ጥርት ያለ ነው፣ ዓይናቸው እኮ ይናገራል አለ። ለማስረከብ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር፤ እሷም የኮንትራቷ እድሳት ከዚህ ሥራ ጋር የታሰረ ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አለችና ዝም አለች።

እነሆ ሥዕሉ ካለቀ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነ። አባባ ቴንግ በየማለዳው የሱቃቸውን በር ሲከፍቱ ከሁለት ሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ጥቁርና ነጭ የሆነ የራሳቸው የቀብር ፎቶ አፍጥጦ ይጠብቃቸዋል። ከሥሩ ስማቸው በጥቁር ተጽፏል፤ ከስማቸው ሥር የትውልድ ዓመታቸው፣ ከዓመቱ ቀጥሎ አንዲት ሰረዝ። ሠዓሊው ሰረዟን ለማሳመር ያደረጋት ነበር።

መንደሩ ክፉ ሰው የለበትም፤ ግን ሰው ፈሪ ነው። ነፍሰ ጡሯ የዳቦ ጋጋሪው ምራት መንገድ ለወጠች። ከአባታቸው ዘመን ጀምራ ደንበኛ የነበረችው ዓሣ ሻጭ ቅርጫት ስትቀበል እጃቸውን ላለመንካት መሬት ላይ አስቀምጡልኝ አለቻቸው፤ በቀጣዩ ሳምንት ፕላስቲክ ገዛች። አባባ ቴንግም ለማንም ምንም ሳይሉ ቤታቸውን ማሰናዳት ጀመሩ። ትልቁን የቀርከሃ መሰንጠቂያ ቢላዋ ለብስክሌት ጠጋኙ ሰጡት። ለሦስት ዓመት ይምጡ እያላቸው እምቢ ያሉትን ልጃቸውን ደውለው እሺ አሉት። ዌይ ኪት እሁድ መኪና ይዞ መጥቶ ኳላ ላምፑር ወዳለው አሥራ አንደኛ ፎቅ ቤቱ ይወስዳቸዋል። ቀርከሃ በአሳንሰር አይገባም።

ቢ ሊያን ፖስታውን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ተመለሰች። ኃላፊዋ ወይዘሮ ሃስሊዛ ለእንግዶቹ የሚታደለውን የታተመ ካርታ ሲቆጥሩ አገኘቻቸው። ሥዕሉ ዛሬውኑ ይሸፈን ብላ ለመነቻቸው። ሴትየዋ ጨካኝ አይደሉም፤ ወንበር ስበው አስቀምጠው አዳመጧት። ነገር ግን ለሰውየው ክብር እንዲሆን የተሠራ ነገር እንዴት ሐዘን እንደሚሆን አልገባቸውም፤ የእሳቸው ዘመዶች ሙስሊሞች ናቸውና ሙታናቸውን በዚያው ቀን ነው የሚቀብሩት፣ በፎቶም አይሸኙም። እንግዶቹ ተጠርተዋል፣ ካርታው ታትሟል፣ ከስድስት ወር በኋላ እናየዋለን አሉ።

«አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው። «የገዛ አጎትሽ ናቸው። ፎቶውን ያመጣሽልን አንቺ ነሽ። ምን ዓይነት ፎቶ እንደሆነ ያኔ ለምን አልነገርሽንም?»

«ሠዓሊው ነው የመረጠው» አለች ቢ ሊያን።

ውሸት አልነበረም። ለዚህም ነው የከበዳት።

ከዚያ በመቃብር ድንጋይ ላይ ስለሚቀባው ቀይ ቀለም ነገረቻቸው። ሚስት ቀድማ ስትሞት የባልየው ስም ከእሷ ስም ጎን በመቃብሩ ድንጋይ ላይ አብሮ ይቀረጻል፤ ቀኑ እስኪደርስ ድረስ ግን በቀይ ይቀባል። ቀይ ስም ያየ ሁሉ ሰውየው በሕይወት እንዳለ ያውቃል። የአጎቷ ስም በሚስታቸው መቃብር ላይ አሥራ አንድ ዓመት በቀይ ኖሯል፤ በየዓመቱ የመቃብር ጠረጋ ቀን እያጠበች የምታድሰው እሷ ናት። ታዲያ የግድግዳው ስም በቀይ ቢቀባስ? ወይዘሮ ሃስሊዛ ደስ አላቸው። እንዲያውም በሚቀጥለው ካርታ ላይ እናስገባዋለን አሉ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ቢ ሊያን መሰላል ተውሳ ከግድግዳው ጋር አስደገፈች። ከኋላዋ ልጆቹ የእንግዳ ወንበር ይደረድራሉ፤ አንዱ ድምፅ ማጉያውን አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት እያለ ይሞክራል። ሙቀቱ አናት ይበሳል። የስማቸውን ሦስት ፊደላት በቀይ ሸፍና ስትጨርስ የሱቁ በርጩማ መሬት ሲፍቅ ሰማች። አጎቷ እየተራመዱ መጥተው ከመሰላሉ ሥር ቆሙ። በአሥራ ዘጠኝ ቀን ወደ ግድግዳው ሲቀርቡ የመጀመሪያቸው ነው።

«ቀለሙን ከየት አመጣሽው?» አሉ።

«ለአክስቴ መቃብር ከገዛሁት የተረፈ ነው።»

ቀና ብለው ስሙን አዩት። «አሁን ልክ ኮረብታው መቃብር ላይ ያለውን ስሜን መሰለ» አሉ። «እዚያ ሚስቴ ተኝታ ትጠብቀኛለች፣ እዚህ ሥዕሉ ቆሞ ይጠብቀኛል። የቀረው ከሰረዟ ቀጥሎ ያለው ዓመት ነው።»

ቢ ሊያን ብሩሹን እንደያዘች ከመሰላሉ ወረደች።  ስታስበው የነበረው ሰበብ ሁሉ፣ ማኅበሩ፣ ካርታው፣ የሠዓሊው ምርጫ፣ አፏ ውስጥ ደረቀ።

«አጎቴ፣ ፎቶውን ሳወጣው ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። የተጠቀለለበትን ወረቀት ስፈታ ገና አውቄያለሁ። ቸኩዬ ነው ዝም ያልኩት። ጥፋቱ የሠዓሊው አይደለም፣ የእኔ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«እንዴት አወቁ?»

«የእናትሽን ፎቶ ተሸክመሽ ከፊት ስትሄዲ ከኋላሽ የነበርኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቅሽ። በየማለዳው በሩን የምከፍተው እኮ ለዚያ ነው። ዛሬ ትነግረኛለች፣ ዛሬ ትነግረኛለች እያልኩ።»

በልጅነቷም ቆጥተዋት አያውቁም። ቢቆጧት በስንት ጣዕሙ ነበር። ቦርሳዋን ከፍታ ነጩን ፖስታ አሳየቻቸው፤ የአቶ ኪም ቹዋን ነው፣ ምን ላድርገው አለቻቸው። አባባ ቴንግ ተቀብለው አገላብጠው አዩትና መለሱላት።

«አስቀምጪው። ዞሮ ዞሮ ባለቤቱን አያጣም።»

ወንበር ከሚደረድሩት ልጆች አንዱ መሰላሉ ይነሣ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ እንግዶች ሊመጡ ነው። ቢ ሊያን ቆይ አለችው። ወደ ሱቁ ገባች። ሠዓሊው ግድግዳውን መጀመሪያ ያነጣበት ነጭ ቀለም ግማሽ ባልዲ ያህል ተርፎ ከቅርጫቶቹ ጀርባ ተቀምጧል። ክዳኑን በትንሽ ቢላዋ ስትከፍተው ከላይ ቆዳ አውጥቷል፤ በቀርከሃ ቁራጭ ማማሰል ጀመረች። ኮንትራቷ አልታደሰም። ከዛሬ በኋላም አይታደስም። ይህን እያወቀች ቀለሙ እስኪቀጥን ድረስ አማሰለችው።

ባልዲውን ይዛ ስትወጣ አባባ ቴንግ የመሰላሉን ሁለት እግሮች በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። እጃቸው በቀርከሃ ስንጥር የተጫረ፣ ጅማቱ የወጣ፣ ገና ጠንካራ እጅ ነው።

«እሁድ መሄዴ ግን አይቀርም» አሉ።

«አውቃለሁ፣ አጎቴ።»

«ለልጁ ቃል ሰጥቻለሁ። ቢላዋዬንም ሰጥቻለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ከዓይኑ ጀምሪ» አሉ። «እንዲያ ሲያየኝ ሩዜን እንኳ በሰላም አልበላሁም።»

መሰላሉን ወጣች። የግራውን ዓይን ሸፍና ወደ ቀኙ ስትዞር ስልኳ ኪሷ ውስጥ ይጮህ ነበር። አላነሣችውም።