ድንጋጤውን ይርገጠው

ጉማሬው ጀልባዋን ከሥሯ አንስቶ ሲወረውራት ሮባ ለመጮህ እንኳ ጊዜ አላገኘም። አፉ ውስጥ የቆቃ ሐይቅ ውሃ፣ ጆሮው ውስጥ የገዛ ልቡ፤ ሌላ ነገር የለም። እሱና ሽማግሌው አጥማጅ ጋሽ ባጫ ዓሣውን ወደ መረቡ ለመንዳት ውሃውን በመቅዘፊያ ሲደበድቡ ነበር። ሸምበቆው ውስጥ የተኛ ጉማሬ መኖሩን ማን አወቀ?

ዋኝቶ ዳር ሲደርስ ጋሽ ባጫ ቀድመውት ወጥተው የተገለበጠችውን ጀልባ ብቻቸውን ይጎትታሉ። ሌላ ቀን ለሁለት እንኳ የምትከብዳቸው ጀልባ ናት።

«አየኸው አንተ? የበረት በር የሚያህል አፍ እኮ ነው!» እያሉ ይስቃሉ።

ሮባ መሳቁ ቀርቶ መቆም አቃተው። በዚያ ፀሐይ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።

«ምነው፣ አማትህን ያየህ መሰልክ! ተነስ፣ መረቡን እናውጣ።»

«ኧረ አቦ፣ ጋሽ ባጫ፣ መረቡ ገደል ይግባ! መጀመሪያ ይራመዱ።»

እዚያ ዳርቻ ያሉ አጥማጆች ጉማሬ የገለበጠውን ሰው አያስቀምጡትም። ከተቀመጠ ድንጋጤው ልቡ ላይ ይረጋበታል ይላሉ። «ድንጋጤውን ይርገጠው» ብለው ክንዱን ይዘው ያመላልሱታል። ይህን ለሮባ ያስተማሩት ራሳቸው ጋሽ ባጫ ናቸው፤ መቅዘፍንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። እናም ክንዳቸውን ይዞ ያራምዳቸው ጀመር። ስለ ጉማሬው ያወራሉ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ተሻለች ስትሰማ ምን እንደምትል ያወራሉ፤ ወሬያቸው እየፈጠነ ሄደ። ድንጋጤው እየወጣላቸው ነው አለ ሮባ በልቡ።

ትልቁ ግራር ጋ ደርሰው ዞሩ። ያኔ ነው መሬቱን ያየው።

አቧራው ላይ የሁለት ሰው ዱካ ነበር። የእሱ እርጥብ ብቻ ነው። የእሳቸው ቀይ።

ጥቁሩ ሱሪያቸው ጭናቸው ላይ ተቀዷል። ውሃ የመሰለው ደም ኖሯል። በቅዱ ውስጥ ሥጋው ተተርትሮ ታየው።

«ጋሽ ባጫ... እግርዎ!»

ጎንበስ ብለው የሌላ ሰው እግር እንደሚያዩ ሁሉ አዩት። «ቧጨረኝ እንዴ? ምንም አላመመኝም እኮ። ና፣ መረቡን።»

ሮባን ክው ያደረገው ከቁስሉ ይልቅ ሕመሙ የማይሰማቸው መሆኑ ነው። ደግሞም ያራመዳቸው እሱ ነው። በየእርምጃው ደማቸውን ያፈሰሰው እሱ ነው።

«ይተኙ!»

«ማን? እኔ? ሂድ ወዲያ!» ገፈተሩት። ክንዳቸው ብረት ሆኗል። ቢታገላቸው ደሙ ይብሳል። ሸሚዙን አውልቆ ሊያስርላቸው ቢሞክር ጣቶቹ እምቢ አሉት፤ ሸሚዙ ሁለቴ ከእጁ ወደቀ።

ማዕበል ሲነሳ ሽማግሌው የሚሉት ነገር ነበር፤ «እጅህን አትቆጣው። ትንፋሽህን አርዝመው፣ እጅ ይከተላል።» መቅዘፊያ እንደሚስብ ሰው አየሩን በቀስታ፣ እስከ መጨረሻው አወጣው። ደገመው። ጣቶቹ ትንሽ ተመለሱለት።

«ጋሽ ባጫ» አለ ዝግ ብሎ፣ «ማዕበል ነው። አብረን እንቅዘፍ።»

ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው አዩት። ከዚያ በልማድ ትንፋሻቸው የእሱን ተከተለ። ትከሻቸው ላላ፣ ጉልበታቸው ታጠፈ። አጋደማቸው፤ ሸሚዙን ቁስሉ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ፣ በሙሉ ክብደቱ ተጫነውና ድረሱልኝ ብሎ ጮኸ።

አጥማጆቹ እየሮጡ መጡ። ከፊት ሰንበታ ነበር፣ ባለ ባጃጁ። «ለምን አስተኛሃቸው? አንሷቸው! ድንጋጤውን ይርገጡት!»

«እንዳትነኳቸው!» ድምፁ ራሱን ሮባን አስደነገጠው። «ባጃጅህን አምጣ፤ ተኝተው ነው የሚሄዱት!»

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ የጋሽ ባጫ ፊት አመድ መስሏል፤ ወሬው ቆሟል። ነርሷ ፋኢዛ ከመጋረጃው ጀርባ ቁስሉን ስታክም ቆይታ ወጣች።

«ደሙን ማቆማችሁ ነው ያተረፋቸው» አለች። «ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ አድሬናሊን ይረጫል። ልብ ይጋልባል፣ ጉልበት ይጨምራል፣ ሕመም ይደበቃል። ለመሸሽ ደግ ነው። ግን የቆሰለ ሰው ደህና ነኝ ብሎ ይነሳል። እንዲህ የደማ ሰው ደግሞ ከተራመደ...» የሮባን ፊት አይታ ተወችው።

ከመጋረጃው ጀርባ ድንገት ጩኸት ተሰማ። «ዋይ እግሬ! ሮባ! ገደልከኝ አንተ ልጅ!»

«አመማቸው» አለች ፋኢዛ። «ቀድሞ የተደበቀው ነው የመጣው። ማስታገሻ እጨምርላቸዋለሁ።»

ሮባ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። እጆቹ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀምረዋል። አሁን ግን ጭኑ ላይ አስቀመጣቸውና ይንቀጥቀጡ ብሎ ተዋቸው።