አሥራ አምስት ደቂቃ

ላንቀሳቅሳት እንጂ፣ ማውሷን፣ ወዲህ አንዴ፣ ወዲያ አንዴ፣ ይኸው፣ ተመስገን፣ ኮምፒውተሯ አልተቆለፈም፣ ልጄ ጠዋት በአራት ሰዓት አረፈች፣ አሁን ስምንት ተኩል ነው፣ እስካሁን በየአሥር ደቂቃው እየገባሁ ነክቻታለሁ፣ ሳሎን ያለው ሰው ለብቻዬ ላለቅስ የምገባ ይመስለዋል፣ ይምሰለው።

የይለፍ ቃሉን አላውቀውም። የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፣ እጇ ከከዳት በኋላ አልጋዋ ላይ ሆና ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፍላታለሁ፣ ሲቆለፍ ግን አምጪው እማዬ፣ ይቺንስ እኔው ልጻፋት ትለኛለች፣ ኪቦርዱን ሆዷ ላይ አስቀምጥላታለሁ። ንገሪኝ ብላት ምን ነበረበት፣ ይደርሳል እያልኩ፣ ሁሉም ይደርሳል እያልኩ።

ኮምፒውተሬ የሚሠራበት ሊኑክስ ነው የሚባለው እማዬ ስትለኝ፣ የመድኃኒት ስም ነው የሚመስለው ብላት በሳቅ ፈርሳ ሳሏ ተነሣባት። አምስት ደቂቃ ካልነኩት ራሱን ይቆልፋል፣ እኔ ደግሞ ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው፣ አንዷን ፊደል ፍለጋ ስዞር፣ በቃ፣ ጨለማ። አንቺ ፊደል እስክታገኚ እሱ ሞታለች ብሎ ይዘጋብሻል፣ አለችና ቅንብሩ ውስጥ ገብታ አሥራ አምስት አደረገችልኝ። ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ በጭራሽ የሚል አለ፣ እሱን አታደርጊውም ወይ ብላት፣ እ እ፣ የሚሄድ ሰው በሩን ዘግቶ ነው የሚሄደው፣ አለችኝ እንደ ዋዛ።

እትዬ፣ መኪናው መጥቷል እኮ። እህቴ ናት፣ በር ላይ። መጣሁ።

መቃብሩ ሩቅ ነው፣ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት፣ ስመለስ ተቆልፎ ይጠብቀኛል፣ ደብዳቤውም ከውስጥ። ለአለቃዋ የጀመርነው ነው፣ ይኸው፣ በሚቀጥለው ወር ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ፣ እስከዚያ ግን እናቴ። እዚያ ላይ ቆመ። እናቴ ምን? ቀጣዩን ቃል ልትነግረኝ አፏን ከፍታ ነበር፣ ቆይ ልጄ፣ ቆይ አንዴ፣ ወዴት ገባች ደግሞ ይቺ ፊደል፣ በአንድ ጣቴ እየዳሰስኩ፣ አገኘኋት ብዬ ዘወር ስል፣ አልቆየችም።

ጀርባዬን ሰጥቻት። ሠላሳ አንድ ዓመት ዓይኔን ያልነቀልኩባትን ልጅ፣ ለአንዲት ፊደል ብዬ። ጌታዬ፣ አንተን አልወቅስህም፣ እሺ፣ ትንሽ እወቅስሃለሁ፣ ለአንተ ምን ይደበቃል።

ቅንብሩን እዚህ ጋ ነበር የምትከፍተው፣ አይቻታለሁ፣ ይኸው፣ አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት፣ በጭራሽ። አንዴ መጫን ነው። ከዚያ ሳምንት፣ ወር፣ እሷ አፈር ለብሳ ይሄ እንደበራ፣ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ እናቴ ምን እያልኩ። አይ። በጭራሽ የሰው ቃል አይደለም፣ የላይኛው ይበለው። ሳልነካው ከቅንብሩ ወጣሁ።

እትዬ በናትሽ፣ ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ስጡኝ በያቸው። ለምኑ? ስጡኝ አልኩ። ዓይኗን በኮምፒውተሩና በእኔ ላይ ታመላልሳለች፣ ሾፌሩ ይጠብቅ ብላ ወደ ውጭ ትጮህና ባዶው አልጋ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ እህቴ፣ ይባርክሽ።

እጄን ከማውሷ ላይ አነሣሁ። ልጄ ስትሄድ አላየኋትም፣ ይሄንንስ አያለሁ። እናቴ ከሚለው አጠገብ ጠቋሚዋ ብልጭ ትላለች፣ ጥፍት፣ ብልጭ፣ ከመንገድ ክላክስ ይሰማል፣ ይንፋ፣ አንዷ ጎረቤት ሳሎን ውስጥ ትናፈጣለች፣ ብልጭ፣ ጥፍት፣ መስኮቱ ላይ ዝንብ፣ ይኸው ስክሪኑ ደብዘዝ አለ፣ ሁልጊዜ ሮጬ የምነካው ይሄኔ ነው፣ እጄ ብድግ ይላል፣ በሌላኛው እጄ ጨብጬ ጭኔ ላይ እይዘዋለሁ፣ አርፈሽ ተቀመጪ አንቺ እጅ፣ አለሁ ልጄ፣ አልዞርኩም፣ የትም አልዞርኩም፣ ገና ይነበባል፣ እናቴ የሚለው፣ ገና፣ ትንሽ